ኒኬል ያልያዘው ቦታ

ኢየሩስ በዚያ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ገና ሳይነጋጋ ነቃች። አልጋዋን አነጠፈች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ቧንቧውን ከፍታ አየች። መጥቶ ነበር። ጀሪካኖቹን ሞላች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሻይ አፈላችና የትናንቱን ዳቦ ቆርሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማ በላች። ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ኢየሩስ ብርጭቆዋን አጥባ ደፋችው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰችና የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ከአንሶላዎቹ ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አወጣች። ጨርቁን አልፈታችውም። ቦርሳዋ ውስጥ በሁለት መጻሕፍት መሃል አስቀመጠችው፣ በሩን ቆለፈች፣ የመርካቶ ታክሲ ለመያዝ ወረደች።

ጨርቁ ውስጥ ያለችው የመዳፍ ግማሽ የምታህል መስታወት ናት። ለማያውቃት ሰው ከመስኮት ተቆርጣ የተረፈች ነው የምትመስለው። የሠራት የኢየሩስ ባለቤት ዶክተር ማሙሸት ነበር። ማሙሸት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። የዕድሜውን የመጨረሻ ዓመት የወሰደበት ሥራ፣ መስታወት ላይ የኒኬል ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ማልበስና ያ ሽፋን ኤሌክትሪክ ሲገባበትና ሲወጣበት የሚሆነውን መከታተል ነው። ማታ ማታ ዘግይቶ ይመጣል፤ ራቱን ሲበላ ስለዚያው ያወራል። ኢየሩስ የታሪክ መምህር ናት፤ የምትችለውን ያህል ትሰማለች። አንድ ቀን ለመሆኑ ምን ያደርጋል ብላ ብትጠይቀው፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ቀለም አልቀባሁትም፤ ግን ቀለም ያወጣል» አላት። ከዚያ በላይ ሊያስረዳት አልቻለም፤ ማየት ነው እንጂ በወሬ አይሆንም አለ። እሷም ሴት በመስታወት ቀናች ቢባል ማን ያምናል ብላ ዝም አለች። ቀንታ ግን ነበር።

አንድ ረቡዕ ማታ መስታወቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሆነች አላት። ኒኬሉን የሰጠው፣ ቀለሙ ሲወጣ የሚታይበትን ማሳያ ዕቃ አብሮት የሠራው የመርካቶው ሐምዱ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ሐምዱ ጋ ይዟት ሄዶ ለሁለቱም አንድ ላይ ሊያሳያቸው ነው። ኢየሩስ ጨርቁን ልትፈታ ስትል እጇን በቀስታ ያዘና፣ እስከ ቅዳሜ ታገሽኝ አላት። ዐርብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ወደቀ። ቅዳሜ የቀብሩ ቀን ሆነ።

ሐምዱ ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ሦስት ቀን ተቀምጧል። ሲሰናበት፣ ዕቃው እሱ ጋ እንዳለ፣ በፈለገች ጊዜ ብትመጣ እንደሚያሳያት ነገራት። አልሄደችም። ዓመታት አለፉ፤ አልሄደችም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ከማሙሸት የቀራት ገና ያልደረሰ ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ካየችው ያልቃል። በዚህ ሳምንት ግን ሐምዱ ደወለ። የሚሠራበት መደዳ ለአዲስ ሕንፃ ሊፈርስ ነው። እሱ ከከተማው ዳር ቦታ አግኝቷል፤ ዕቃ ሲነሳ ደግሞ የሚሰበረው ይሰበራል፣ የሚጠፋው ይጠፋል። እንግዲህ ወይ አሁን ነው፣ ወይ መቼም አይደለም። ኢየሩስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ተቀመጠች። ማየት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሰው ማታ ማታ ከእሷ ተነጥሎ ምን ሲያይ እንደነበር።

ታክሲው አንዋር መስጊድ አጠገብ አወረዳት። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ጢም ብሏል፤ ተሸካሚዎች ከራሳቸው በላይ የተቆለለ ጆንያ ይዘው መንገድ መንገድ እያሉ ያልፋሉ፤ ሰውም እንደ ውሃ ይከፈልና መልሶ ይገጥማል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በበርበሬ በረንዳ አቋረጠች። እዚያ የሚያስነጥሰው እንግዳ ነው። አስነጠሳት፤ ከሚዛን ጀርባ የተቀመጠች ነጋዴ ቀና ሳትል «ይማርሽ» አለቻት። በርበሬ በረንዳ ላይ ዓይኗ የረጠበ ሴት ምን ሆንሽ ተብላ አትጠየቅም። ኢየሩስ ይህን እያሰበች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ወደ ምን አለሽ ተራ ታጠፈች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ጆሮ ነው የሚመራው። በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ቱቦ እየተቃና ወንበር ይሆናል። የሐምዱ ቤት በር ላይ የብስክሌት መሪዎች፣ የሞተር ጭስ ማውጫዎች፣ የአልጋ ራስጌዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ዝገት የበላቸው፣ ግማሾቹ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን የሚወጉ። ሐምዱ ኒኬል ነካሪ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ መርካቶ ገብቶ በዚያው ቀረ። ዝገት የበላውን ብረት እያጠበ ኒኬል ሲያለብስ ፀጉሩ ነጥቷል፤ ጥፍሮቹ ደግሞ ከዓመታት ብዛት አረንጓዴ ጥላ ይዘዋል። አብራው የምትሠራው ሴት ልጁ ሩዋይዳ ናት። ደንበኛ የምትቀበለውም፣ የምታጥበውም፣ የምትወለውለውም እሷ ናት። ጎረቤታቸው ጁነዲን ምድጃ ቀጥቃጭ ነው፤ መዶሻውም አፉም አያርፍም።

ኢየሩስን መጀመሪያ ያያት ጁነዲን ነበር። «እትዬ፣ ሰውዬው ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ደጁን ሲጠርግ፣ እኔ ልጁን ሊድር መስሎኝ ልብስ ልቀይር ነበር» አላት።

«አንተ መጀመሪያ ለራስህ አግባ» አለች ሩዋይዳ ከውስጥ።

«ማን ታገባኛለች?»

«አባባ አሲድ ውስጥ አንድ ቀን ቢያሳድርህ፣ ዝገቱ ሲለቅ እናያለን።»

ሐምዱ እጁን በጨርቅ እያደረቀ ወጣ። ኢየሩስን በሁለት እጁ ጨበጣትና ለጥቂት ጊዜ አልለቀቃትም። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወንድሞቿ አንድ በአንድ ጠየቃት። ስለ ማሙሸት ምንም አላለም፤ እሷም በልቧ አመሰገነችው። በእጁ ያለውን ሥራ እስኪጨርስ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ሥራውን ስታይ ቆየች። ከግድግዳው ጥግ እስከ ጥግ በርሜሎች ተሰልፈዋል። ብረቱ መጀመሪያ ቅባቱ እንዲለቅ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ውሃ፤ ከዚያ ዝገቱን የሚበላው አሲድ፤ ከዚያ እንደገና ውሃ። ሐምዱ ከውሃው ያወጣውን መሪ ብርሃን ላይ ይዞ ያየዋል። ውሃው ብረቱን ሳይቆራረጥ እንደ ቆዳ ከለበሰው ንጹሕ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ከሸሸ ግን እዚያ ቅባት አለ፤ ኒኬሉም እዚያ አይዝም። ንጹሑ መሪ በሽቦ ተንጠልጥሎ አረንጓዴው ኒኬል ውስጥ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ይለቀቅበታል።

ከአረንጓዴው በርሜል አንዱን መሪ ሲያወጣ፣ ሐምዱ ዓይኑን አጠበበ። ማንንም ሳያይ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ መሪውን መልሶ አሲድ ውስጥ ነከረው። ኢየሩስ ምን እንደሆነ ብትጠይቅ ሩዋይዳ በእጇ አፏን ከልላ በዝግታ ነገረቻት። ጣት ታይቶበት ነው። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ የነካው አለ፤ የእጅ ወዝ ትንሽም ቢሆን ኒኬል አያስይዝም፤ አሻራው ብረቱ ላይ ወጥቶ ይታያል። ጣት ያለበት ሥራ ለባለቤቱ ማሳየት ደግሞ በዚህ ተራ ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ጣቱን ያየው ሰው ወዲያው ወደ አሲዱ ይመልሰዋል፤ ባለቤቱ ከማየቱ በፊት፣ የማን ጣት ነው ተብሎ ጠብ ከመነሳቱ በፊት። የነካው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። «ዶክተርም እንዲሁ ነበሩ» አለች ሩዋይዳ። «ተማሪዎቻቸው ጓንት ሳያደርጉ ሲነኩ እንዴት እንደሚቆጡ እዚህ መጥተው ይነግሩን ነበር። እሳቸውና አባባ ስለ ጣት ማማት ሲጀምሩ አያቆሙም።»

ሐምዱ መሪዎቹን ጨርሶ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ዕቃ አወረደና አቧራውን ጠረገ። ሰፊ የመጠጥ ብርጭቆ ነው፤ አፉ ላይ የተገጠመ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ሁለት መቆንጠጫ። በአንዱ መቆንጠጫ የኒኬል ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ሌላው ባዶ ነው። ብርጭቆው ውስጥ አሲድ የሌለው የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨመረ፣ ከኮስቲክ ሶዳው ጥቂት ጠብ አደረገበት፣ አማሰለው። በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚገባበት፣ በርሜል ገልብጦ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሩዋይዳ ከጀርባው ነጭ ካርቶን አቆመችለት። ከዚያ ሐምዱ እጁን ታጠበ፣ አዲስ ጓንት አደረገ፣ ወደ ኢየሩስ ዞረ።

ጨርቁን ፈታችው። ጉልበቷ ላይ ስታኖራት መስታወቷ ባዶ ናት፤ ከሥሯ ያለው የቀሚሷ አበባ ያለ አንዳች ጉድለት ይታያል። ይኼ ነበር? አለች በልቧ። ሐምዱ ጠርዟን ብቻ ይዞ በባዶው መቆንጠጫ አንጠለጠላት። ከሁለቱ መቆንጠጫዎች የወጡትን ሽቦዎች አዘጋጅቶ አንድ የባትሪ ድንጋይ በእጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ዶክተር፣ ሽቦውን እሷ ራሷ ታስነካው ብሎ ነበር» አላት።

ኢየሩስ ድንጋዩን በግራ እጇ ያዘች። አንደኛውን ሽቦ በአውራ ጣቷ ከድንጋዩ ግርጌ ጋር ያዘች፤ ሁለተኛውን ከራሱ ጋር አስነካች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከላይ፣ መቆንጠጫው ከያዘው ጠርዝ፣ መስታወቷ ጠጅ ቀለም ያዘች። ቀለሙ እንደ ደመና ጥላ ቁልቁል ወረደ። ጠጁ ማር ሆነ፤ ማሩ ጠቆረ፤ መስታወቷ ከላይ እስከ ታች የተቆላ ቡና መሰለች። ድምፅ የለውም። ጭስ የለውም። አልሞቀም። ከውሃው ወደ መስታወቷ የሄደ ነገር አልታየም፤ ውሃው እንደጠራ ነው። ጁነዲን መዶሻውን እንዳነሳ ቆሟል።

«ሽቦዎቹን ያዘዋውሯቸው» አላት ሐምዱ በለሆሳስ።

አዘዋወረቻቸው። ጨለማው ከጠርዙ ጀምሮ ሳሳ፤ ቡናው ማር፣ ማሩ ጠጅ፣ ጠጁ አየር ሆነ። የካርቶኑ ንጣት በመስታወቷ ውስጥ ታየ።

«ሱብሃነላህ» አለ ጁነዲን፤ እሱም ቀስ ብሎ።

ሩዋይዳ ጎንበስ ብላ ብርጭቆው ውስጥ አየች። «ቀለሙ የት ሄደ?»

ሐምዱ የትም አልሄደም አላት። ዶክተር ነግሮታል፤ ብዙ ጊዜ አስደግሞ ነው የገባው። ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ኒኬሉ ነው። ኤሌክትሪኩ ከውስጡ አንድ ነገር ሲወስድበት ይጨልማል፣ ሲመልስለት ይጠራል። ሽፋኑ መስታወቷ ላይ ሁልጊዜም አለ፤ ዓይናችን ነው የማያየው። መቶው ቢደራረብ እንኳ የአንዲት ጠጉር ውፍረት አይሞላም። ይህን ሲናገር ሐምዱ በእጁ ምንም ነገር አልጠቆመም፤ እንደ ሃይማኖት ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው።

ጁነዲን ግን ዝምታ አይስማማውም። «ይኼንን ለሚኒባስ መስታወት ማድረግ ነበር» አለ። «ትራፊክ ሲመጣ ነጭ፣ ትራፊክ ሲሄድ ጥቁር።» ሩዋይዳ ሳቀች። ኢየሩስም ሳቀች፤ ስትስቅ ራሷን ሰማችው።

ይህ ነበር እንግዲህ። ማሙሸት ማታ ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያይ የነበረው ይህ ነው። ስንቴ አጨልሞት፣ ስንቴ አጥርቶት ይሆን? እሷም ብትሆን ኖሮ ራት አይታወሳትም ነበር። ለዓመታት ደረቷ ውስጥ ተጣጥፎ የኖረው ቅናት የት እንደገባ አላወቀችም፤ ቦታው ባዶና ሰፊ ሆኖ ተሰማት።

«ጋሽ ሐምዱ፣ አንዴ ልድገመው?»

«እርስዎ እስኪሰለቹ ድረስ» አላት።

በዚህ ጊዜ ወንበሯን ጠጋ አደረገችና ፊቷን ከብርጭቆው ጋር እኩል አወረደች። ሽቦውን አስነካች። ጠጁ መጣ፤ ወረደ። ቀለሙ ሲጠና፣ በታችኛው ጥግ በኩል አንድ ትንሽ ቦታ እንዳልጠቆረ አየች። ቅድም ከሩቅ ስለነበረች አላስተዋለችውም። ዙሪያው እየጨለመ ሲሄድ ያ ቦታ እየጎላ መጣ። ሞላላ ነው። በውስጡ መስመሮች አሉበት፤ እንደ በሬ ትልም እርስ በእርሳቸው የሚከታተሉ፣ ጥምዝ ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ መስመሮች።

አውራ ጣት ነው።

በትልሞቹ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ ሰያፍ መስመር ያቋርጣል፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ መስመሮቹ አይገጥሙም። ይህን ጠባሳ ኢየሩስ ታውቀዋለች። በተጋቡ ሰሞን የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሲከፍት ነው የቆረጠው፤ ያሰረችለትም እሷ ናት፤ የመጀመሪያው ስለላላባት ሁለት ጊዜ አሰረችው። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ስትታመም ግንባሯን የነካው፣ መጽሐፍ ላይ ስታንቀላፋ መነጽሯን ያወለቀላት፣ በዚያ ጠባሳ በኩል ሻከር የሚል አውራ ጣት ነው።

ተማሪ ሁሉ ላይ ጓንት ጓንት እያለ የሚጮኸው ሰው፣ ይህችን አንዷን በባዶ እጁ ይዟታል። ኒኬሉን ከመልበሷ በፊት ነው። ወዙ መስታወቷ ላይ ቀርቶ፣ ኒኬሉ ያንን ቦታ ትቶ በዙሪያው ያዘ። ወዙ ራሱ ከታጠበ ቆይቷል። የቀረው ኒኬል ያልያዘው ቦታ ብቻ ነው፤ መስታወቷ ስትጠራ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል፣ ስትጨልም ብቻ ይታያል። እነዚህን ዓመታት ሁሉ አንሶላዎቹ ሥር ነበር። በዓለም ላይ የማሙሸት ጣት ነክቶት እንደነካው የቀረ ሌላ ምን አለ? ኢየሩስ ትንፋሿ ብርጭቆውን እንዳያደበዝዝባት ያዘችው። ምስሉ ሙሉ ነበር። ጥልቅ ቡናማ ውስጥ፣ የጠዋት ብርሃን በእያንዳንዱ ትልም ሾልኮ ወደ ዓይኗ ይመጣል፤ ማሙሸት ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ጣቱን የጫነባት ያህል።

መናገር ፈለገች። ግን ኢየሩስ ቃል የሚፈጥንላት ሴት አይደለችም። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ነገር ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ መዋጥ፣ ከዚያ ማየት፣ ከዚያ ካስፈለገ መናገር ልማዷ ሆኗል። ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። አሁንም ዋጠችው።

በዚያች ቅጽበት ሐምዱ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለ። እሱም አየው። ፊቱ ተለወጠ። በእሱ ቤት፣ በእሱ ብርጭቆ ውስጥ፣ በሟች ወዳጁ ሥራ ላይ፣ በሟቹ ሚስት ዓይን ፊት፣ ጣት። ሃምሳ ዓመት አንድ ሥራ የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም። መስታወቷን ከነመቆንጠጫዋ አነሳና በአንድ እርምጃ አሲዱ ውስጥ ነከራት።

«የእኛ ጣት ነው፣ ይቅርታ እትዬ፤ አሁን ይነሳል።»

«ተዉ» አለች ኢየሩስ።

ቃሉ ዘግይቶ ነበር። ቡናማው እንደ ሻይ ከመስታወቷ ላይ ታጥቦ ሲወርድ አየችው። ሐምዱ ወዲያው አወጣት፣ ውሃ ውስጥ አለቀለቃት፣ ብርሃን ላይ ይዞ ፈተሻት። ውሃው ሳይቆራረጥ ለብሷታል፤ ንጹሕ ናት። ደስ አለው። መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ሰቀላትና አሁን ይሞክሩት አላት።

ኢየሩስ እንደማይሆን እያወቀች ሽቦውን አስነካች። መስታወቷ ላይ ጥቃቅን አረፋ ወጣ። ሌላ ነገር አልወጣም። ሐምዱ ሽቦዎቹን ራሱ ተቀብሎ አዘዋወረ፤ እንደገና አዘዋወረ። የባትሪ ድንጋዩን ለወጠ። መስታወቷ እንደ መስኮት ጠርታ ቆማለች። ቆይቶ ሽቦዎቹ ከእጁ ወደቁ። እሱ ያጠበ የመሰለው ወዝ ነው፤ አሲዱ ግን ወዝ አላገኘም፤ ያገኘው ከጠጉር መቶኛ የሚሳሳውን ኒኬል ነው። በብረት ላይ ቢሆን ኒኬሉ ወፍራም ነው፤ እንዲህ በዓይን ጥቅሻ አይሄድም። እጁ የብረቱን ልማድ መስታወቷ ላይ ሠራው።

ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ። ሩዋይዳ አባቷን አይታ ወደ ኢየሩስ አየች፤ ጁነዲን መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ሐምዱ። «አደራውን እስከዛሬ ጠብቄ፣ ወላሂ፣ በራሴ እጅ አጠፋሁት።»

ኢየሩስ የባትሪ ድንጋዩን በርሜሉ ላይ አስቀመጠች። ጣቱ የማን እንደነበር ልትነግረው ትችላለች። ጁነዲን ሩቅ ነበር፣ ሩዋይዳ ካርቶኑን ይዛ ከጀርባው ነበረች፤ ያየው ሐምዱ ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ ቤት ጣት መስሎታል። ብትነግረው ዕዳው ከእሱ ጋር መቃብር ድረስ ይወርዳል። ሆድ ይፍጀው አለች። «ጋሽ ሐምዱ፣ የመጣሁት ለማየት ነበር፤ አየሁ» አለችው። ይህ እውነት ነበር።

እሱ ግን አልተጽናናም። ጥቂት እንደተቀመጠ ብድግ ብሎ መደርደሪያው ውስጥ ሲያስስ ቆየና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ፤ ውስጡ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ፈሳሽ አለ። ዶክተር የተወው ነው። ሽፋኑ እንዴት እንደሚለበስ አብሮት ቆሞ አይቷል፤ መስታወቷ እስካለች ድረስ ሌላ ማልበስ ይቻላል። እንዳይፈቀድለት የፈራ ሰው ዓይን ነበረው። ኢየሩስ እሺ አለችው። እምቢ ብትለው ልቡ በዚያ ጥፋት ላይ እንደቆመ ይቀራል።

እንደ ዶክተሩ ሆነና ሠራ። መስታወቷን በኮስቲክ አጠበ፣ በውሃ አለቀለቀ፣ ብርሃን ላይ ፈተሸ፣ ደግሞ አጠበ። ሩዋይዳ በጓንት ላይ ጓንት ደርባ ረዳችው። በሩ ላይ የቆመ ደንበኛ ሊያይ ቢጠጋ ጁነዲን እጁን ዘርግቶ ከለከለው፤ እስትንፋስህን ከዚያው አለው። አረንጓዴው ፈሳሽ ውስጥ ሰቅሎ ኤሌክትሪኩን በጣም አሳንሶ ለቀቀበት። ሁሉም ጠበቁ። መስታወቷ ስትወጣ ደመና የነካት ያህል ደብዝዛለች፤ ስትታጠብ ጠራች።

ሽቦውን ያስነካችው አሁንም ኢየሩስ ናት። ጠጁ መጣ። ማሩ መጣ። ቡናው ቁልቁል ወረደ፤ የቅድሙ ዓይነት፣ ምናልባትም ከቅድሙ የሞላ። ሩዋይዳ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ጎንበስ ብላ ብርጭቆው ውስጥ አየች። ጁነዲን ከፊተኛው ይበልጣል አለ፣ ጋሼ ሐምዱ ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ነው አለ። ሐምዱ አልሳቀም። የኢየሩስን ፊት ነው የሚያየው።

«እንዴት ነው እትዬ?»

«በጣም ያምራል» አለችው፤ ያምርም ነበር። ባዶ የነበረ መስታወት በአንዲት የባትሪ ድንጋይ ሌሊት ሲሆን፣ መልሶም ሲነጋ፣ ስንቴ ቢያዩት የሚለመድ ነገር አይደለም። ያ መገረም አሁንም አልለቀቃትም። ሐምዱ ትከሻው ሲወርድ፣ ትንፋሹ ሲመለስ አየች።

ከዚያ ፊቷን ወደ ብርጭቆው አቀረበችና የታችኛውን ጥግ ተመለከተች። ሐምዱ ንጹሕ ሠራተኛ ነው። ኒኬሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይዟል፤ የሳተው ቦታ የለም። የማሙሸት አውራ ጣት እዚያ የለም።